ሁለት ጌጅ አብሮ ሲሳሳት ሴንሰር አይቀየርም

ተክለሃይማኖት አካባቢ ካለ ጋራዥ የጻፍሽልኝ እህቴ፣

አሮጌው ሃይሉክስ ፒካፕ ላይ የነዳጁም የሙቀቱም ጌጅ አብረው ወደ ላይ እየወጡ አስቸገሩሽ፤ ሩብ ነዳጅ ይዞ ሙሉ ያሳያል፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ጠቋሚው ቀዩን ይነካል። የሙቀት ሴንሰሩን ቀየርሽ፣ አልሆነም። የሰልባትዮውን (የነዳጅ ታንከሩን) ተንሳፋፊ፣ ማለትም የነዳጁን ሴንሰር፣ ቀየርሽ፣ አሁንም አልሆነም። አሠሪሽ የዕቃውን ዋጋ ከደሞዝሽ ቆረጡ፤ እናትሽ ደግሞ «እቁቤ ሲወጣ ማታ አካውንቲንግ ትገቢያለሽ» አሉሽ። «ሙያው ለእኔ አይደለም መሰለኝ» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

ለአንቺማ ነው። የጎደለሽ ከመፍታት በፊት መለካት ብቻ ነው።

ሁለት ጌጅ በአንድ ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ከሳተ፣ ሁለት ሴንሰር አብሮ ሞተ ብሎ ማሰብ ዘበት ነው። የሚጋሩትን ፈልጊ። በዚያ ዘመን ዳሽቦርዶች ውስጥ የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 7 ገደማ የሚያወርድ ትንሽ ሬጉሌተር አለ፤ ሁለቱም ጌጆች የሚመገቡት ከእሱ ነው። በአሮጌው ዓይነት ውስጡ ያለች ቀጭን ብረት ስትሞቅ ትታጠፍና ኤሌክትሪኩን ታቋርጣለች፣ ስትቀዘቅዝ ትመልሳለች። እንድትሞቅ ግን ማሳ (ኤሌክትሪኩ በመኪናው አካል በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት መስመር) ያስፈልጋታል። ማሳው ሲላላ አትሞቅም፣ አታቋርጥም፤ ሙሉው 12 ቮልት ያልፍና ሁለቱም ጠቋሚዎች ይሰቀላሉ። የነገርሽኝ ይህንኑ ነው።

ሞተር አስነሺ፣ ትልቁን መብራት አብሪ፣ ከዳሽቦርዱ ማሳ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ በቴስተር ለኪ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካነበበ ማሳው ደክሟል። ከጌጆቹ ጀርባ ያሉት ትንንሽ ብሎኖች ጌጁን ብቻ አይደለም የሚይዙት፣ ኤሌክትሪክም የሚያልፈው በእነሱ ነው፤ ባትሪውን ነቅለሽ ፍቻቸው፣ በስስ ብርጭቆ ወረቀት አጽጂ፣ መልሰሽ አጥብቂ። የፕላስቲክ ሰርኪዩቷን ብቻ እንዳትቀጃት። ማሳው ደህና ከሆነ የሬጉሌተሩ መውጫ ላይ መሞከሪያ አምፑል አድርጊ፤ ጥቂት ቆይቶ ብልጭ ድርግም ካለ ጤነኛ ነው፣ ሳይቋረጥ ከበራ ተጣብቋል።

ወደ ሴንሰር የሚወረደው አንዱ ብቻ ሲሳሳት ነው። የሙቀት ሴንሰሩን ሽቦ ንቀይ፣ በ3.4 ዋት አምፑል በኩል ከማሳ አገናኚው፣ ቁልፉን ክፈቺ። ጠቋሚው ወደ ሙቅ ከሄደ ጌጁም ሽቦውም ደህና ናቸው፣ ጥፋቱ ሴንሰሩ ጋ ነው። ቀስ እያለ ስለሚወጣ አትቸኩዪ። ተንሳፋፊውን ከሰልባትዮው አውጥተሽ ኦም (ለኤሌክትሪክ ያለውን መቋቋም) ለኪ፤ በአሮጌ ቶዮታ ሙሉ ላይ 3፣ ባዶ ላይ 110 ገደማ ነው። አዲስ የሙቀት ሴንሰር ስታስገቢ የሚታሰርበትን ጥርስ ቴፍሎን አትጠቅልይበት፤ ባለ አንድ ሽቦው ማሳ የሚያገኘው በጥርሱ በኩል ነው። ይህን ያልተነገረው ሰው ደህናውን ሴንሰር ሲረግም ይውላል።

እናትሽን አከብራለሁ፣ ግን ተሳስተዋል። ያቺ የእቁብ ብር ወደ ማታ ኮሌጅ ከገባች አራት ኪሎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት የሚቆሙትን ምሩቃን በአንድ ሰው ትጨምራለች። ጥሩ ቴስተር ግዢባት፣ የደረጃ 3 ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ተፈተኚባት። (ቴስተር ይዞ ካደገ ሰው ሌላ መልስ አትጠብቂ፤ ለዚያ ያህል ቀንሺልኝ።)

ስለ ደሞዙ፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው እንዲሁ ተነስቶ ከደሞዝ መቁረጥ አይችልም፤ የጽሑፍ ስምምነትሽ ወይም ሌላ ሕጋዊ መነሻ ያስፈልጋል፣ ያም ቢሆን ከወር ደሞዝሽ ሲሶ አይበልጥም። የኤሌክትሪክ መኪና ሙያሽን እንዳያጠፋው ሰግተሻል፤ እዚያም የሚሠራው በመለካት ነው፣ ከፍተኛ ቮልት የሚያልፍበትን ብርቱካናማውን ሽቦ ብቻ ሳትሰለጥኚ እንዳትነኪ።

ባለመኪናውን ነገ ጥሪያቸው። የሙቀት ጌጁ በሚዋሽበት መኪና ረጅም መንገድ እንዳይሄዱ ንገሪያቸው፤ ሞተሩ በእውነት የጋለ ቀን አያውቁትም፣ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይበላል። ሬጉሌተሩ ሞቶ ከተገኘና ሶማሌ ተራ ያገለገለ ዳሽቦርድ ልትገዢ ከሄድሽ፣ አሮጌውን ይዘሽ ሂጂና ሶኬቱን ጎን ለጎን አስተያዪ።