መልሶ ሲበራ የሚቃጠል ፊውዝ

ጥያቄ፦ 12 ቮልት፣ 25 አምፔር የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ ሠርቼ በ230 ቮልት መስመር እጠቀማለሁ። ከብሪጁ (ኤሲን ወደ ዲሲ ከሚቀይሩት ዳዮዶች) ቀጥሎ 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ መግቢያው ላይ 5 ኦም ኤንቲሲ ቴርሚስተር (ሲግል ሬዚስታንሱ የሚቀንስ) አለው። ጠዋት ሳበራው ችግር የለም። ሲሠራ ቆይቶ አጥፍቼ ወዲያው ሳበራው ግን አንዳንዴ 4 አምፔሩ ፊውዝ ይቃጠላል። ቴርሚስተሩ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አይመስለንም፤ ሳይቀዘቅዝ ስለሚያበሩት ነው። ባዶ ካፓሲተር በመጀመሪያዋ ቅጽበት ከሾርት አይለይም። የ230 ቮልት ሞገድ ጫፉ 325 ቮልት ነው፤ ቀዝቃዛው 5 ኦም የመነሻ ከረንቱን 65 አምፔር ገደማ ላይ ይይዘዋል። ሲግል ግን ሬዚስታንሱ ከ1 ኦም በታች ይወርዳል። ሲያጠፉት ካፓሲተሩ ጭነቱ ስላለበት አብዛኛውን ቮልቴጅ ወዲያው ያጣል፤ ቴርሚስተሩ ለመቀዝቀዝ ከ30 ሰከንድ እስከ 2 ደቂቃ ይፈልጋል። በዚህ መሀል ካበሩት የሚገታው የለም። «አንዳንዴ» የሆነበትም ምክንያት አለው፦ ማብሪያው ሲገናኝ ሞገዱ ዜሮ አጠገብ ከነበረ ፊውዙ ይተርፋል፣ ጫፉ ላይ ከነበረ ይሄዳል።

ቴርሚስተሩን በ10 ኦም ይቀይሩት (ቢያንስ 5 አምፔር ያለማቋረጥ የሚችል፣ ዳታሺቱም 470 ማይክሮፋራድ የሚፈቅድ)፤ ከዚያ የሪሌይ (ኮይሉ ከረንት ሲያገኝ የሚዘጋ ማብሪያ) ኮንታክት በትይዩ ይግጠሙበት። ካፓሲተሩ ከሞላ በኋላ ሪሌዩ ሲዘጋ ከረንቱ በኮንታክቱ ያልፋል፤ ቴርሚስተሩም ቀዝቅዞ ለሚቀጥለው ማብራት ይጠብቃል። ኮንታክቱ 250 ቮልት ኤሲ፣ 10 አምፔር የሚችል ይሁን። ኮይሉን ከ12 ቮልቱ ስለሚያስነሱት በኮይሉና በኮንታክቱ መካከል 4,000 ቮልት የሚችል ኢንሱሌሽን ያለው ሪሌይ ይምረጡ፤ እዚህ ላይ መቆጠብ አያዋጣም።

የሪሌዩን መዘጋት ለማዘግየት 100 ኪሎ ኦምና 10 ማይክሮፋራድ ኮይሉን በሚያስነሳ አንድ ትንሽ ኤን-ቻነል ሞስፌት (ጌቱ ላይ ቮልቴጅ ሲደርሰው የሚበራ ትራንዚስተር) ጌት ላይ ይበቃል፤ ጌቱ 3 ቮልት ገደማ ለመድረስ 0.3 ሰከንድ ይወስዳል። ብዙዎች የሚዘነጉት 100 ኪሎ ኦሙ ላይ በትይዩ የሚገባውን 1ኤን4148 ዳዮድ ነው፤ ካቶዱ ወደ 12 ቮልቱ ይዙር። እሱ ከሌለ 12 ቮልቱ ሲጠፋ 10 ማይክሮፋራዱ ቶሎ አይራገፍም፤ መልሰው ሲያበሩ ሪሌዩ ሳይዘገይ ስለሚዘጋ የሠሩት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። በኮይሉም ላይ በግልባጭ ዳዮድ አይቅር።

በቴርሚስተሩ ፋንታ 47 ኦም ሬዚስተር የሚያደርጉ አሉ። ከረንቱን ወደ 7 አምፔር ያወርደዋል፣ ግን ሪሌዩ አንድ ቀን ሳይዘጋ ቢቀር ሙሉው ጭነት በሬዚስተሩ አልፎ ያቃጥለዋል። ቴርሚስተር በዚያ ጊዜ እንደ ድሮው ግሎ ይቀጥላል፤ እኛ የምንመርጠው እሱን ነው።

ከመንካትዎ በፊት ካፓሲተሩን በመልቲሜትር ይለኩ። 325 ቮልት ላይ 25 ጁል ያህል ይይዛል፣ መስመሩ ከተነቀለም በኋላ ሊቆይ ይችላል።

ጥያቄ፦ ፊውዙን በ10 አምፔር ብቀይረውስ?

መልስ፦ አይቀይሩት። ውስጥ ብልሽት ሲመጣ ፊውዙ ቀድሞ መሄዱን ትቶ ብሪጁና ሽቦው ይቃጠላሉ። 4 አምፔሩን ይዘው ፈጣኑን (ኤፍ) በዘገምተኛው (ቲ) ይተኩት።