አርኤፍሲን ከጂፒኤል ጋር ስለመቀላቀል

ወንድሜ፣ «የማኅበር ቀን የሚያስታውስ ካላንደር በጂፒኤል ልለቅ ነው፤ የአርኤፍሲውን ጽሑፍ አስተካክዬ መመሪያው ውስጥ ባስገባው ችግር አለው? በነጻ የሚወርድ ነገር እኮ ነው» ብለሃል። አዎ፣ አለው። (አርኤፍሲ የኢንተርኔት አሠራር ስታንዳርዶች የሚወጡበት ሰነድ ነው፤ ጂፒኤል ደግሞ ማንም እንዲጠቀም፣ እንዲቀይርና እንዲያሰራጭ የሚፈቅድ የሶፍትዌር ላይሰንስ፣ ማለትም የፈቃድ ውል ነው።) እኔም እዚሁ ደብረ ብርሃን ሆኜ ያንኑ ስለሠራሁ ልንገርህ።

ጠባሴ ያለችው እናቴ የማርያም ማኅበሯ በየወሩ በ21 ነው። የስልኳ ካላንደር በፈረንጅ ወር ስለሚቆጥር ቀኑ ይሳሳትባታል። መላ ስፈልግ አርኤፍሲ 7529ን አገኘሁ። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ አይካሌንደር (የካላንደር ፕሮግራሞች ቀጠሮ የሚለዋወጡበት ቅርጽ) የሌሎችንም ዘመን አቆጣጠር እንዲይዝ ያደርጋል። ከምሳሌዎቹ አንዱ የእኛው 13ኛ ወር ነው! የምሳሌው መነሻ ሴፕቴምበር 6 ቀን 2013 በፈረንጅ ነው። ቆጠርኩት፣ ጳጉሜን 1 ቀን 2005። ደስታዬ ለጉድ ነበር።

በዚያው ሞቅታ ብዙ አንቀጽ ገለበጥኩ። ያልጣመኝን ዓረፍተ ነገር አቃናሁ። ከላይ «ሁሉም ጂፒኤል ነው» ብዬ ለጠፍኩበት። አንድ ገምጋሚ «ያልጻፍከውን ማን ጂፒኤል አድርግ አለህ?» አለኝ። አፈርኩ፣ ምን ልዋሽህ።

አርኤፍሲን ሳትነካ መቅዳትና ማሰራጨት ትችላለህ። ወደ አማርኛ መተርጎምም ይፈቀዳል። እንደፈለግህ ቀያይረህ ማውጣት ግን አይቻልም። ጂፒኤል ደግሞ ተቀባዩ እንዲቀይር የግድ ይፈቅዳል። ሁለቱ የማይገጥሙት እዚህ ላይ ነው። ዴቢያንም (በነጻ ሶፍትዌር የተገነባው የኮምፒውተር ሲስተም) አርኤፍሲዎችን «ነጻ ያልሆነ» በሚለው ክፍሉ ያስቀመጣቸው ለዚህ ነው። አርኤፍሲ ውስጥ ያለው ኮድ ግን መቀየርን በሚፈቅደው በቢኤስዲ ላይሰንስ ስለሚሰጥ፣ የባለቤትነት ማስታወቂያውን ይዘህ ትቀይረዋለህ።

ስታንዳርዱን አንብቦ ኮድ መጻፍስ? በቅጂ መብት በኩል ማንንም አታስፈቅድም። የአገራችን አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ለሐሳብ፣ ለአሠራርና ለዘዴ ጥበቃ አይሰጥም። የሚጠበቀው አጻጻፉ ነው። (ፓተንት ሌላ ጣጣ ነው፣ አልገባበትም።)

አይኤስኦ (ዓለም አቀፉ የስታንዳርድ ድርጅት) ላይ ደግሞ የባሰ ተጠንቀቅ። የቀንና የሰዓት አጻጻፍ ስታንዳርዱ አይኤስኦ 8601 በገንዘብ የሚሸጥ ሰነድ ነው። ጓደኛህ በቴሌግራም የላከልህን ፒዲኤፍ ኮድህን በምታጋራበት ጊት ላይ እንዳትጭን። ቀንን ዓመት፣ ወር፣ ቀን ብለህ ለመደርደር ግን የሚያስከፍልህ የለም።

እኔ የገለበጥኩትን ሰርዤ በራሴ አማርኛ ጻፍኩት፤ የአርኤፍሲውን ቁጥርና ሊንክ ብቻ ጠቆምኩ። በዚህ ብርድ ጋቢ ተከናንቤ ሁለት ማታ ፈጀብኝ። የግድ ዋናው ጽሑፍ ይኑር ካልክ፣ ሙሉውን ሳትነካ በተለየ ፎልደር አስቀምጠው፤ ሪድሚው (የፕሮግራሙ መግለጫ ፋይል) ላይም ጂፒኤሉ እሱን እንደማይመለከት ጻፍ። ዴቢያን እንዲቀበልህ ካሰብክ ግን ጭራሽ አውጣው።