የእጅ ሰርኩላር መጋዝ ለምን ወደ ሰው ይዘላል?

ከአንድ አንባቢ የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ቁም ሳጥንና መደርደሪያ ራሴ ልሥራ ብዬ ባለ 185 ሚሊ የእጅ ሰርኩላር መጋዝ ገዛሁ። ባለ 18 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ሁለት ወንበር ላይ አጋድሜ መሃሉን ስቆርጥ፣ መጋዙ ድንገት ያዝ አደረገና ወደ እኔ ዘለለ። እግዜር ጠበቀኝ፣ ሱሪዬን ቀደደ እንጂ ሰውነቴን አልነካኝም። ጎረቤቴ ‹መከለያው ነው የሚያደናቅፍህ፣ በሽቦ እሰረው› ይለኛል። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ‹ገልብጠህ ጠረጴዛ ሥር ግጠመው፣ ትገላገላለህ› አለኝ። መጋዙ ተበላሽቶ ነው? የማንን ልስማ? ዲስኩንስ ልቀይረው?»

ወንድሜ፣ እንኳን አተረፈህ። አጭሩን መልስ ላስቀድም። የሁለቱንም ምክር አትስማ። መጋዝህ ደህና ይመስለኛል። ችግሩ ያለው እንጨቱን ያስቀመጥክበት ላይ ነው።

ኮምፔንሳቶውን ጫፍና ጫፉን ወንበር ላይ ስታሳርፈው መሃሉን የሚሸከመው ነገር የለም። መጀመሪያ ላይ አይታወቅህም፤ ገና ያልተቆረጠው ክፍል ደግፎ ይይዘዋል። መጋዙ እየገፋ በሄደ ቁጥር ግን የሚደግፈው ያንሳል። ሳንቃው በራሱ ክብደት፣ በመጋዙና በእጅህ ክብደት መሃሉ ላይ ይጎብጣል። ያን ጊዜ የቆረጥከው ክፍተት ከላይ በኩል ይጠብና ዲስኩን ከግራና ከቀኝ ቆንጥጦ ይይዘዋል።

ሞተሩ ግን እየሠራ ነው። ዲስኩ ከፊት በኩል የሚዞረው ከታች ወደ ላይ ነው፣ ከኋላ በኩል ደግሞ ከላይ ወደ ታች። የተቆነጠጡት የኋላ ጥርሶች እንጨቱን ሲነክሱ መጋዙን ከክፍተቱ አውጥተው ወደ ኋላ ያስፈነጥሩታል። ርግጫ የምለው ይህን ነው። ከኋላ ያለኸው ደግሞ አንተ ነህ። በደቂቃ 5000 ጊዜ የሚዞር ባለ 185 ሚሊ ዲስክ፣ የጥርሱ ፍጥነት በሰዓት ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። «ቶሎ እጄን አነሳለሁ» ብሎ ነገር የለም። ስለዚህ ዋናው ጥንቃቄ ስዊቹን ከመጫንህ በፊት መጠናቀቅ አለበት።

እኔ ሁልጊዜ እንጨት ከማስነካቴ በፊት ራሴን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ቆርጬ ስጨርስ ይህ እንጨት ወዴት ይሄዳል? ክፍተቱ ሊከፈት ነው ወይስ ሊዘጋ? ሊዘጋ የሚችል ከሆነ አልጀምርም። ድጋፉን አስተካክላለሁ።

ላንተ ሥራ ከሁሉ የሚሻለው መሬት ላይ መቁረጥ ነው። ወንበሮቹን ተዋቸው። ውፍረታቸው እኩል የሆነ አራት ሞራሌ ፈልግ። ሁለቱን ከምትቆርጠው መስመር ወዲህ፣ ሁለቱን ወዲያ አድርገህ ከመስመሩ ጋር ጎን ለጎን ዘርጋቸው። ለመስመሩ የሚቀርቡት ሁለቱ አምስት አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቁት። ኮምፔንሳቶውን ላያቸው ላይ አስተኛው። አሁን ሲቆረጥ ሁለቱም ወገን ባለበት ይቀራል። የሚጎብጥም፣ የሚወድቅም የለም። ሙሉው ሳንቃ 1.22 በ2.44 ሜትር ስለሆነ፣ እጅህ ካልደረሰ ላዩ ላይ ተንበርክከህ መቁረጥም ትችላለህ። ጉልበትህ ግን ከመስመሩ ወደ ጎን ይሁን።

ትንሽ ቁራጭ ለማውጣት ከሆነ ነገሩ ይለያል። ትልቁን ወገን ጠረጴዛ ላይ በክላምፕ አጥብቀህ ትንሹ ወገን በነፃ እንዲወድቅ ተወው። ያዥ ረዳት ካለህ በደንብ ንገረው፤ ቁራጩን ከታች ይደግፍ እንጂ ወደ ላይ አያንሳ። አዝኖልህ ከፍ ባደረገው ቁጥር ክፍተቱን በዲስኩ ላይ ይዘጋብሃል።

ቀጥሎ ጥልቀቱን እንየው። ስለዚህ ምንም አልጻፍክልኝም፣ ግን እንደተገዛ እስከ መጨረሻው ወርዶ እንደነበር እገምታለሁ። ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚጠቀመው። ባለ 185 ሚሊ መጋዝ ወደ 65 ሚሊ ገደማ ይወርዳል። ያንተ እንጨት 18 ሚሊ ነው። ስለዚህ ከአራት ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ ዲስክ ከእንጨቱ ሥር ያለ ሥራ ይሽከረከር ነበር ማለት ነው። ይህ ጣት ለመቁረጥ ይበቃል፤ በሚቆነጠጥበት ጊዜም ርግጫውን ያበረታዋል። ስፒናውን ንቀል፣ መጋዙን እንጨቱ ጎን ላይ አስደግፈውና ዲስኩን ከሥር የሚሸፍነውን መከለያ ከፍ አድርገህ ዲስኩን እይ። ጥርሱ ከእንጨቱ በታች ከ3 እስከ 5 ሚሊ ብቻ እስኪታይ ድረስ ጥልቀቱን ቀንስና አጥብቀው።

ወደ ጎረቤትህ ምክር ልምጣ። ታችኛውን መከለያ በሽቦ ማሰር በየወርክሾፑ የተለመደ ነገር ነው፤ ስለተለመደ ግን ልክ አይሆንም። ስዊቹን ከለቀቅክ በኋላ ዲስኩ ወዲያው አይቆምም፣ ጥቂት ሰከንድ ይዞራል። ሰው የሚቆረጠው አንዳንዴ በዚህች ቅጽበት ነው። ሥራው አለቀ ብሎ መጋዙን ወደ ጭኑ ያወርደዋል፣ ወይም መሬት ላይ ያስቀምጠዋል፣ የታሰረው መከለያ ግን አይመለስም። ርግጫ ሲመጣም በዲስኩና በእግርህ መሃል ያለው እሱ ብቻ ነው።

መከለያው እውነት የሚያደናቅፍህ ከሆነ ቆሽሾ ነው። ስፒናውን ነቅለህ በእጅህ ወደ ኋላ ሳበውና ልቀቀው። ቀጭ ብሎ መመለስ አለበት። ከዘገየ ሰጋቱራና የእንጨት ሙጫ ይዞታል፤ በብሩሽ ጠርገህ አጽዳው። ከጸዳም በኋላ ካልተመለሰ ስፕሪንጉ ሞቷልና አስቀይረው። እስኪቀየር ድረስ አትቁረጥበት። ይህን ፈተና ሥራ በጀመርክ ቁጥር አድርገው፣ ጊዜ አይፈጅም።

የጓደኛህ ምክር ደግሞ የባሰ ነው። የእጅ መጋዝ ተገልብጦ ጠረጴዛ ሥር ሲገጠም መከለያው ይነሳል፣ ስዊቹ በገመድ ይታሰራል። ዲስኩ ራቁቱን ወደ ላይ ቀርቶ አንተ እጅህን ወደ እሱ ትገፋለህ። በዚያ ላይ የእኛን መብራት አስበው። መሃል ላይ መብራት ይሄዳል። አንተ እንጨቱን ታነሳለህ፣ ሰጋቱራውን በእጅህ ትጠርጋለህ። መብራቱ ሲመለስ የታሰረው መጋዝ በራሱ ይነሳል። መጋዙን በእጅህ ይዘህ ስትሠራም ቢሆን መብራት ከሄደ መጀመሪያ ስዊቹን ልቀቅ፣ ቀጥሎ ስፒናውን ንቀል።

ሳትጠይቀኝ አንድ ነገር ልጨምር፣ ዝም ብል ይከነክነኛል። ግራይንደር ላይ የእንጨት ዲስክ ገጥሞ ጣውላ የሚቆርጥ ሰው ብታይ እንዳትከተለው። ባለ 115 ሚሊ ግራይንደር በደቂቃ ወደ 11,000 ጊዜ ይዞራል፣ ብዙው የእንጨት ዲስክ ለዚያ ፍጥነት አልተሠራም። እንጨት ላይ የሚያርፍ ጠፍጣፋ ብረት የለው፣ ጥልቀቱን የሚገድብ የለው። ሲረግጥ ፊትና አንገት ላይ ነው የሚመጣው።

ስለ ኤሌክትሪኩም ትንሽ ልበል። 1400 ዋት የሚስብ መጋዝ በ220 ቮልት ወደ 6.4 አምፔር ይወስዳል። ለቴሌቪዥንና ለስልክ ቻርጀር የተገዛች ቀጭን ዲቫይደር ለዚህ አትሆንም። ትግላለች፣ ኃይሉም ይወርዳል። ኃይል ያጣ ሞተር ደግሞ እንጨት መሃል ይደክማል፣ አንተም ትገፋዋለህ፣ ከዚያ ይቆነጠጣል። ሽቦው ቢያንስ 1.5 ካሬ ሚሊ የሆነ ኤክስቴንሽን ተጠቀም። ጥቅልል ከሆነ ሙሉ በሙሉ ፍታው፤ ተጠቅልሎ ሲሠራ ውስጡ ይግላል። ገመዱን በትከሻህ አሳልፈው ወይም ከኋላህ አድርገው እንጂ በመቁረጫው መንገድ አይተኛ። አንዳንዱ መጋዝ ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ ያመጣው ይሆናል። ስፒናው ተቀየረ ማለት ሞተሩ ተቀየረ ማለት አይደለም። ሰሌዳው ላይ 120 ቮልት የሚል ከሆነ የእኛ ግድግዳ ላይ በቀጥታ አትሰካው። ከሚፈቀደው ፍጥነት በላይ ዞሮ ነው የሚቃጠለው።

አሁን ቁረጥ። ቀጥ ያለ ጣውላ በክላምፕ አስረህ መንገድ መሪ አድርገው፣ ጠርዙን ተከትሎ ይሂድ። የተጠማዘዘ መስመር በዚህ መጋዝ አይቆረጥም። የመጋዙ ሰፊው ወገን የሚያርፈው በሚቀረው እንጨት ላይ ይሁን፣ በሚወድቀው ላይ አይሁን። ሁለቱም እጆችህ መያዣዎቹ ላይ ይሁኑ። ገላህ በቀጥታ ከመጋዙ ኋላ አይቁም፣ ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ በል። ዲስኩ እንጨት ሳይነካ ስዊቹን ጫን፣ ድምፁ እስኪረጋ ጠብቅ፣ ከዚያ ቀስ እያልክ ግፋ። መጋዝ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል፤ ትግል ከያዘህ አንድ ነገር ተሳስቷል ማለት ነው። ከመስመር ከወጣህ እየዞረ ለማቃናት አትጠምዝዘው፣ ወደ ኋላም አትሳበው። ስዊቹን ልቀቅ፣ እስኪቆም ያዘው፣ ከዚያ አውጣውና እንደገና ጀምር።

ለመደርደሪያው እግር የባሕር ዛፍ ሞራሌ የምትጠቀም ከሆነ ተጠንቀቅ። ባሕር ዛፍ ሲያድግ ውስጡ የታመቀ ውጥረት አለው፣ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። በቁመቱ ስትሰነጥቀው ሁለቱ ወገኖች ከዲስኩ ኋላ ተመልሰው ሊገጥሙ ይችላሉ። ትንሽ ከቆረጥክ በኋላ መጋዙን አቁመህ ክፍተቱ ውስጥ ቀጭን ሽብልቅ አስገባ፣ ከዚያ ቀጥል። የደረቀውን መግዛት ደግሞ ከሁሉ ይሻላል። ከግንባታ የወጣ አሮጌ ሞራሌ ከሆነ ምስማርና የደረቀ ሲሚንቶ ይኖረዋል። አራቱንም ጎን እይ፣ በእጅህም ዳብስ። ምስማር የነካ ጥርስ ተሰብሮ ወደ ዓይን ሊፈናጠር ይችላል።

ስለዚህ መነጽር ግዴታ ነው። የጆሮ መከላከያም ያስፈልግሃል፣ ድምፁ ከባድ ነው። የእንጨት ብናኝን የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። የቺፕውድና የኤምዲኤፍ ብናኝ ደግሞ ሙጫም አለበት። ክፍል ውስጥ ሳይሆን ደጅ ቁረጥ፣ ማስክ አድርግ። ጓንት፣ ሰፊ እጅጌ፣ ሻርፕ፣ ጋቢ ግን አይሆንም፤ የሚሽከረከር ነገር ጨርቅ ከያዘ እጅህን ይዞ ነው የሚሄደው። ልጆች ግቢ ውስጥ ካሉ ሥራው እስኪያልቅ ቤት ይግቡ።

አያድርገውና እጅ ቢቆረጥ፣ ቡና አትነስንስበት። ንጹሕ ጨርቅ አድርገህ አጥብቀህ ጫነው፣ እጅህን ከፍ አድርግ፣ ወደ ሆስፒታል ሂድ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው። የተለየ ጣት ካለ ንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልለው፣ ፌስታል ውስጥ አድርገህ እሰረው፣ ፌስታሉን በረዶ ላይ አስቀምጠው። ጣቱ ራሱ በረዶ አይንካ።

ለመጨረሻው ጥያቄህ፣ አዎ፣ ዲስኩን ቀይረው። ከመጋዙ ጋር የሚመጣው ብዙ ጊዜ ባለ 24 ጥርስ ነው። እሱ ሞራሌ ለመቁረጥና ለመሰንጠቅ ጥሩ ነው። ኮምፔንሳቶን ግን ይፈለቅቀዋል። ለቁም ሳጥንህ ባለ 60 ጥርስ ግዛ፣ ለሁሉም የሚሆን አንድ ብቻ ካልክ ባለ 40 ውሰድ። ጥርሱ ከሥር ወደ ላይ ስለሚቆርጥ የሚፈለቀቀው የላይኛው ፊት ነው፤ ስለዚህ ያማረውን ፊት ወደ ታች አድርገህ ቁረጥ። መርካቶ ስትሄድ አሮጌውን ዲስክ ይዘህ ሂድ። የመሃሉ ቀዳዳ 16፣ 20፣ 25.4 ወይም 30 ሚሊ ሊሆን ይችላል፤ ከመጋዝህ ጋር ልክ መግጠም አለበት። «ትንሽ ይሰፋል እንጂ ይሠራል» ቢሉህ አትቀበል፣ ልኩን ቀለበት ጠይቅ። ዲስኩ ላይ የተጻፈው የፍጥነት ቁጥር ከመጋዝህ ቁጥር እኩል ወይም በላይ ይሁን። ቤት ስትደርስ ስፒናው ተነቅሎ፣ የዲስኩ ቀስት ከመከለያው ቀስት ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲያመለክት አድርገህ ግጠመው።