የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አሮጌ መኪና ያለ ቁልፍ ይነሣ ይሆን?

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱ በአንድ ጉዳይ ላይ የተጻፉ በመሆናቸው በዚህ ዕትም አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ጉዳዩ በቆዩ መኪኖች ላይ ያለ ቁልፍ ማስነሻና የሪሞት መቆጣጠሪያ ስለ መግጠም ነው። ቋንቋችን የሚጫኑትንም የሚያዞሩትንም ነገር «ቁልፍ» ብሎ ስለሚጠራ፣ እንዳያደናግር በዚህ ጽሑፍ የሚጫኑትን አዝራር፣ የሚያዞሩትን ቁልፍ እላለሁ። የመኪኖቹ የምርት ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ ለገጣፎ ነው። አባቴ በ1971 የተሠራች ቮልስዋገን አለቻቸው። ዕድሜያቸው ሰባ አራት ደርሷል፤ የጣቶቻቸው መገጣጠሚያ ስለሚያማቸው ቁልፍ ማዞር እየከበዳቸው መጥቷል። መኪናዋን ግን ለማንም አሳልፈው መስጠት አይፈልጉም፤ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው የሚመለሱት በእርሷ ነው። ሶማሌ ተራ አንድ አዝራርና ሁለት ሪሞት ያለው ዕቃ አይቻለሁ። ሻጩ ሞተሩን ከቤት ውስጥ ሆኖ ማስነሣት፣ በሮቹን መክፈት፣ መብራቱንም ማብራት እንደሚቻል ነግሮኛል። በጠዋቱ ብርድ ሞተሩ ቀድሞ ቢሞቅላቸው ደስ ይለኝ ነበር። ይህን ዕቃ ባስገጥም ይመክሩኛል?

መልስ፦ ደብዳቤዎ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ካርቶን አሽጎ ይጠይቃል። ቁልፍ ሳያዞሩ ማስነሣት ይቻላል፤ መብራትንና በርን ከሩቅ ማዘዝም በልኩ ይቻላል፤ ሞተርን ከቤት ሆኖ ማስነሣትን ግን ለዚህች መኪና አልመክርም። ከመጨረሻው ልጀምር።

የአባትዎ ቮልስ ካምቢዮ በእጅ የሚሠራ ነው። የእጅ ፍሬኑ ላላ ያለ አሮጌ መኪና የሚነዳ ሰው ደግሞ ሲያቆም ማርሽ አስገብቶ መውረድ ልማዱ ነው። መኪናዋ ማርሽ ውስጥ እንዳለች ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሣው ትንሹ የኤሌክትሪክ ሞተር) ኃይል ካገኘ፣ በሞተሪኖው ጉልበት ብቻ ወደ ፊት ትዘላለች፤ ሞተሩ ከተነሣ ደግሞ ያለ ሾፌር መንገድ ትጀምራለች። ይህን ከሰው ሰምቼ አይደለም የምጽፈው። ከዓመታት በፊት በራሴ ፊያት 124 ላይ እንዲህ ያለ ሪሞት በገዛ እጄ ገጥሜ ነበር። አንድ ማለዳ አንደኛ ማርሽ ላይ ማቆሜን ረስቼ ከመኝታ ቤት መስኮት ሆኜ ብጫነው፣ የግቢዬን የቆርቆሮ በር ገንጥላ ወጣች። የሰፈር ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሰዓት አልነበረም፤ ያን ቀን የተረፍኩት በዚህ ብቻ ነው።

ማሞቅ የሚለውም ሐሳብ ቤንዚንንና አየርን በካርቡራተር ለሚቀላቅል መኪና እምብዛም አይሆንም። በቮልስዎ ካርቡራተር ላይ ያለው ቾክ፣ ማለትም ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አየሩን የሚቀንሰው፣ በራሱ የሚሠራ ነው፤ ነገር ግን ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲያድር የቾኩ ክዳን የሚዘጋው ሾፌሩ ከማስነሣቱ በፊት የቤንዚን ፔዳሉን አንድ ጊዜ ረግጦ ሲለቅ ነው። ሪሞት ፔዳል አይረግጥም። ስለዚህ ከቤት ሆነው ቢጫኑት ሞተሪኖው ዝም ብሎ ይዞራል፣ ባትሪው ይደክማል፣ ሞተሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይነሣም። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ደግሞ ቆሞ ከሚሞቅ፣ ከተነሣ በኋላ ረጋ ተብሎ እየተነዳ ቢሞቅ ይሻለዋል።

አሁን ወደ አባትዎ ጣቶች እንምጣ። ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ኳድሮው፣ ማለትም ቁልፉ የሚገባበት ማስነሻ፣ ራሱ ደርቆ እንደሆነ ይመርምሩ። ከሃምሳ ዓመት በላይ የከተማ ዳር አቧራ የጠጣ ኳድሮ ለጤነኛ እጅም ይከብዳል። ጥቂት የግራፋይት ዱቄት በቁልፉ ቀዳዳ ነፍቶ ቁልፉን ደጋግሞ ማስገባትና ማውጣት ብዙ ጊዜ ያላላዋል። ዘይት ግን አይጨምሩበት፤ አቧራውን ይዞ ጭቃ ይሆናል። ይህ ብቻ በቅቷቸው ዕቃውን ሳይገዙ የቀሩ ሰዎች አውቃለሁ።

ካልበቃ፣ አዝራሩ የሚተካው ምን እንደሆነ በሚገባ ማወቅ ያስፈልጋል። በጀርመን መኪኖች ዋና ዋናዎቹ ሽቦዎች በቁጥር ይጠራሉ፤ 30 ሁልጊዜ ከባትሪ ኃይል ያለበት፣ 15 ቁልፉ ሲከፈት ኃይል የሚያገኘውና ቦቢናውን (ለካንዴላዎቹ እሳት ከፍተኛ ቮልት የሚያመነጨውን) የሚመግበው፣ 50 ወደ ሞተሪኖ የሚሄደው፣ 31 ማሳው፣ ማለትም ከመኪናው ቦዲ ጋር የሚታሰረው መመለሻ፣ ነው። የሚገዙት ዕቃ ሥራ በውስጡ ባሉት ሪሌዎች (በኤሌክትሪክ የሚታዘዙ ማብሪያ ማጥፊያዎች) 30ን ከ15 ጋር፣ ለጥቂት ሰከንድም ከ50 ጋር ማገናኘት ነው። ገጣሚው የሽቦ ቀለም እያየ ሳይሆን በቴስተር እየለካ መሥራት አለበት፤ በዚህ ዕድሜ ያለች መኪና ውስጥ ስንት እጅ እንደገባ፣ ስንት ሽቦም በሌላ ቀለም እንደተቀጠለ አይታወቅምና።

ብዙ ገጣሚዎች የሚሳሳቱት ከዚህ ቀጥሎ ባለው ነው። እነዚህ ዕቃዎች የተሠሩት ሾፌሩ ፍሬን ረግጦ አዝራሩን ሲጫን እንዲያስነሡ ነው፤ ፍሬን መረገጡን የሚያውቁትም ከፍሬን መብራት ሽቦ ነው። በቮልስ ግን የፍሬን መብራት ኃይል የሚያገኘው ከ15 ነው፤ ማለትም ቁልፉ ካልተከፈተ ፍሬን ቢረገጥም መብራቱ አይበራም። እንግዲህ ዕቃው ፍሬኑን ይጠብቃል፣ ፍሬኑ ደግሞ ዕቃውን ይጠብቃል፤ ገጣሚውም ግራ ሲገባው ያንን ሽቦ ቋሚ ኃይል ላይ አስሮት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ጋቢና ውስጥ የገባ ሕፃን አዝራሩን ቢነካ መኪናዋ ትነሣለች። ትክክለኛው መፍትሔ በፍሪሲዮን ፔዳሉ ሥር ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አስገጥሞ፣ ፍሪሲዮኑ እስከ ታች ሲረገጥ ብቻ ለዕቃው ምልክት እንዲሰጥ ማድረግ ነው። ይህ የማርሹንም ችግር አብሮ ይፈታል፤ ፍሪሲዮኑ የተረገጠ መኪና ማርሽ ውስጥ ቢሆንም አይዘልም።

ሁለተኛው ከባድ ነገር የመሪ መቆለፊያው ነው። በአባትዎ መኪና ላይ ቁልፉ ሲወጣ መሪውን የሚይዝ የብረት ምላስ አለ፤ የትኛውም አዝራር ይህን ምላስ አይመልሰውም። እኔ ለሌላ ሰው ቢሆን ምላሱን ተዉት፣ ቁልፉ መሪውን ይክፈት፣ አዝራሩ ሞተሩን ያስነሣ እል ነበር፤ ሁለት መቆለፊያ ከአንድ ይሻላል። ለአባትዎ ግን የሚያማቸው ማዞሩ ስለሆነ ምላሱን ማስወጣት ግድ ሊሆን ይችላል። የሚወጣ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ይውጣ። ግማሹ ተቆርጦ፣ ወይም በስፕሪንጉ ላይ እንዳለ ታስሮ የቀረ ምላስ አንድ ቀን በጉዞ መካከል ወድቆ መሪውን ሊይዝ ይችላልና፣ ሥራው ሲያልቅ የወጣውን ብረት ራስዎ በዓይንዎ ይዩት።

ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው ሽቦ በቮልስ ረጅም ነው፤ ከዳሽቦርዱ እስከ ኋላ ይሄዳል። በዕድሜ ብዛት መንገድ ላይ ቮልት ስለሚጎድል «ሲሞቅ አልነሣም ትላለች» የሚባለው የታወቀ የቮልስ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። ስለዚህ ከሞተሪኖው አጠገብ ከባትሪ በቀጥታ የሚመገብ አንድ ጠንካራ ሪሌ ይጨመር፤ አዝራሩም ቢሆን ባይሆን ይህን ብቻ ማድረግ ያዋጣል። ባትሪው ያለው ከኋላ ወንበር ሥር በመሆኑ፣ ሥራው ሲጀመር ማሳው ይነቀል፤ ሲያልቅም የባትሪው ክዳን መመለሱን ያረጋግጡ። የወንበሩ ስፕሪንግ የባትሪውን ጫፎች ነክቶ እሳት ያስነሣባቸው ቮልሶች አሉ።

ዕቃውን ሲመርጡ ሁለት ጥያቄ ለሻጩ ያቅርቡ። አንደኛው፣ አዝራሩ እስከተያዘ ድረስ ሞተሪኖውን ያዞራል ወይ የሚለው ነው፤ ለአዲስ መኪና ተብሎ ከአንድ ሰከንድ በኋላ የሚያቋርጥ ከሆነ ለካርቡራተር አይበቃም። ሁለተኛው፣ ሪሞቱ በጉዞ ላይ ባትሪው ቢያልቅ ሞተሩን ያጠፋል ወይ ነው። «አዎ» ካለዎት፣ ወይም ካመነታ፣ አመስግነው ይለፉ። አባትዎንም አንድ ነገር ያስለምዷቸው፤ ሞተሩ ሳይነሣ አዝራሩን «ክፍት» ላይ ትተው እንዳይወርዱ። ፑንቲናው፣ ማለትም የቦቢናውን ኃይል የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው መገናኛ፣ በዚያች ቅጽበት የተገጠመ ሆኖ ከቆመ ቦቢናው ያለ ዕረፍት ኃይል ሲወስድ ቆይቶ ይግላል፣ ፑንቲናውም ይቃጠላል። ቁልፍ ተሰክቶ ሲቀር ዓይን ያየዋል፤ አዝራር ግን እንዲህ አያስታውስም።

ስለ መብራቱና ስለ በሮቹ ጥቂት ልበል። ሁለቱ የፊት መብራቶች እያንዳንዳቸው 45 ዋት ቢሆኑ በ12 ቮልት 7.5 አምፔር ይወስዳሉ፤ የመጀመሪያው የቮልስ ባትሪ 36 አምፔር-ሰዓት ስለሆነ፣ በስሕተት በርተው ለአራት ሰዓት ቢቆዩ ብዙ አይተርፈውም። ስለዚህ መብራቱ በራሱ ሪሌና ፊውዝ ይሂድ፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላም በራሱ ይጥፋ። ለግቢ በር መክፈቻ ያህል ይበቃል። ዕቃው ራሱ ሁልጊዜ ሪሞቱን እየጠበቀ ኃይል ይጠጣል፤ ለምሳሌ 20 ሚሊ አምፔር ቢወስድ በሳምንት ከ3 አምፔር-ሰዓት ትንሽ ይበልጣል፣ በ30 ቀን ግን 14.4 ይደርሳል። እሑድ እሑድ ለምትወጣ መኪና ይህ አይከብድም፤ ወር ሙሉ ከቆመች ግን ማሳው ይነቀል። በሮቹን በሞተር ቢያስከፍቱም የሾፌሩን በር የቁልፍ ቀዳዳ አያስነቅሉ። ባትሪው ከሞተ ሪሞቱ አይሠራም፤ ባትሪው ደግሞ ያለው ከውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ ሰበታ ነው የምኖረው። በ1964 የተሠራች ላንድሮቨር አለችኝ። አንድ ወጣት ኤሌክትሪሽያን ያለ ቁልፍ ማስነሻ ሊገጥምልኝ ዕቃውን ከባትሪው ጋር ባገናኘ ጊዜ ወዲያው ጨሰ። ዕቃው የማይረባ ነበር ወይስ ልጁ አላወቀበትም?

መልስ፦ ልጁን አይውቀሱት፤ ዕቃውም ሳይሆን መኪናዋ ናት ከዛሬው ልማድ የተለየችው። በዚያ ዘመን የነበሩ ብዙ የእንግሊዝ መኪኖች፣ ላንድሮቨርም ጭምር፣ ማሳቸው ፖዘቲቭ ነበር፤ ይኸውም ከቦዲው ጋር የሚታሰረው የባትሪው የመደመር ምልክት ያለበት ጫፍ ነው። የዛሬ ኤሌክትሮኒክስ ሁሉ የተሠራው ለኔጌቲቭ ማሳ ስለሆነ ተገልብጦ ሲታሰር ይቃጠላል። የባትሪውን ቦታ ከፍተው የትኛው ጫፍ ከቦዲው ጋር እንደታሰረ ማየት ብቻ ይበቃል።

መገልበጥ ይቻላል፣ ሥራውም የአንድ ቀን ነው። ባትሪው ይዞራል፣ የቦቢናው ሁለት ቀጭን ሽቦዎች ቦታ ይለዋወጣሉ፣ የአምፔር መለኪያው ሽቦዎችም እንዲሁ፤ ዲናሞውም በአዲሱ አቅጣጫ እንዲሞላ ከባትሪው ለአፍታ ኃይል እየነካ «መማር» አለበት። ሞተሪኖውና አምፖሎቹ ግን ለየትኛውም ግድ የላቸውም። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ለአዝራሩ ብቻ ከሆነ፣ የእኔ ሐሳብ ይቅርብዎት ነው። የብዙዎቹ የቀድሞ ላንድሮቨሮች ማስነሻ ከቁልፉ የተለየ አዝራር ነበር፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ቮልሶችም እንዲሁ። የእርስዎም መኪና እንዲህ ያለ ማስነሻ ከነበራትና ተነቅሎ ከሆነ እርሱኑ መመለስ ይቀላል፤ ያለ አንዳች ኤሌክትሮኒክስ።

ጥያቄ፦ ከቱሉ ዲምቱ ነው የምጽፈው። በፔጆ 404 መኪናዬ ላይ ሪሞት አስገጥሜያለሁ። ሌቦች የሪሞትን ምልክት ቀድተው መኪና ይከፍታሉ ሲባል ሰማሁ። እውነት ነውን?

መልስ፦ እውነት ነው፣ ነገር ግን እንደ ዕቃው ይለያያል። ርካሾቹ ሪሞቶች በተጫኑ ቁጥር ያንኑ አንድ ኮድ ይልካሉ፤ እርሱን አንድ ጊዜ የቀዳ ሰው ሁልጊዜ ይከፍታል። የተሻሉት ኮዱን በየጊዜው ይቀያይራሉ። ኪስ ውስጥ እንዳለ የሚሠራው ዓይነት ደግሞ ሌላ ቀዳዳ አለው። መኪናው በ125 ኪሎኸርዝ አካባቢ አጭር ጥሪ ያሰማል፣ ሪሞቱም በ433 ወይም በ315 ሜጋኸርዝ «አለሁ» ብሎ ይመልሳል፤ አንዱ ሌባ ከመኪናው፣ ሌላው ከቤትዎ በር አጠገብ ቆመው ጥሪውን ካቀባበሉት፣ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ያለው ሪሞት መኪናው አጠገብ ያለ ይመስላል። ይህን ለማስቀረት ሪሞቱን ማታ በብረት ጣሳ ውስጥ ከድኖ ማሳደር ይረዳል፤ ጣሳው በትክክል መዝጋቱን ለማወቅም ሪሞቱን ውስጡ ከድነው መኪናው አጠገብ ይቁሙና በሩ እንደማይከፈት ይሞክሩ። ገና ላልገዛ ሰው ግን በጥቂት ሴንቲሜትር ርቀት ካልተጠጋ የማይሠራውን ዓይነት እመርጥለታለሁ።

የእርስዎ ፔጆ ቤንዚን ከሆነች ሌባው ያላሰበው ነገር አለዎት። ለረጅም ጊዜ ሲያቆሟት የዲስትሪቢውተሩን (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን) ክዳን ከፍተው በውስጡ ያለችውን ትንሽ ሮተር ነቅለው ኪስዎ ይክተቱ። ሪሞቱ ተቀድቶ በሮቹ ቢከፈቱ፣ ሞተሪኖውም እስኪበቃው ቢዞር፣ ወደ ካንዴላዎቹ እሳት አይደርስም። ሲመለሱ ክዳኑን ከመግጠምዎ በፊት ሮተሯ በቦታዋ እስከ መጨረሻው መግባቷን ያረጋግጡ፤ ከፍ ብላ ከቀረች ሞተሩ ገና ሲዞር ክዳኑን ትሰብረዋለች።