እናንተ በሌላችሁበት ፋይሉን ሰው ያገኘዋል?

ሰሞኑን አንዲት የውሃ ምህንድስና ተማሪ ከኮምቦልቻ ጻፈችልኝ። «ጋሼ፣ ላፕቶፔ ሞልቶ ይንቀራፈፋል፤ ሃርድ ዲስክ ልጨምርበት ወይስ ሌላ ልግዛ?» ትላለች። መልሱ አጭር ነው፤ አትግዢ ልጄ። ዳውንሎድ የሚለውን ፎልደር ክፈቺና ፋይሎቹን በመጠን ደርድሪያቸው። ከላይ የሚመጡልሽ ፊልሞችና ከቴሌግራም የወረዱ ቪዲዮዎች ናቸው። እነሱን አጥፊ፣ በቃ። ጥያቄዋ ግን እኔን እስካሁን የሚቆጨኝ ነገር ላይ ጣለኝ።

በእኛ አቆጣጠር 2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ደሴ አንድ መሥሪያ ቤት እሠራ ነበር። ከሐርቡ ወረድ ብሎ ቆላው ላይ ያለ መንደር የጥልቅ ጉድጓዱ ፓምፕ ቆመ። ወሩ ግንቦት ነው። ሐርቡን በግንቦት ያየ ያውቀዋል፣ ጥላ ሥር ተቀምጠህም ያልብሃል። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን በአህያ ጭነው ወደ ቦርከና መውረድ ጀመሩ። ቦርከና ደግሞ የከተሞቹን ቆሻሻ ይዞ የሚወርድ ወንዝ ነው።

ፓምፕ ለመቀየር ጉድጓዱ ስንት ሜትር እንደሆነ፣ ውሃው የት ላይ እንደሚቆም፣ የድሮው ፓምፕ ስንት ሜትር ላይ እንደተሰቀለና ጉልበቱ ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ አለብህ። ይህ ሁሉ ጉድጓዱ ሲቆፈር ተጽፏል። የት? ቁፋሮውን የተከታተለው ባለሙያ ለቆ ሄዷል፣ ስልኩም አይነሳም። አንዱ «እኔ ጋ ፍላሽ ላይ ነበረ» አለ፤ ፍላሹ ሲሰካ ሾርትከት ቫይረስ ጨርሶታል። ኮምፒውተሩን ስንከፍት «ኒው ፎልደር»፣ እሱ ውስጥ ሌላ «ኒው ፎልደር»፣ እሱ ውስጥ የአንድ ሰው የሠርግ ፎቶ።

መዝገብ ቤት ወረድን። የመዝገብ ቤቷ እትዬ ፋይሉን ሁሉ በቁጥሩ የምታውቅ ሴት ነበረች። መብራት ጠፍቶ በሻማ ከመደርደሪያ ስባ ስታወጣ አይቻለሁ፣ ሁለተኛ ማየት እንኳ አያስፈልጋትም። ግን ኮምፒውተር ከመጣ ወዲህ ሪፖርት ወደ እሷ የሚያወርድ ጠፋ። ማንም አልከለከለም፤ ሁሉም በየኮምፒውተሩ ይዞ ቀረ። እሷ ጡረታ ስትወጣ የምታውቀውን ቁጭ ብሎ የተማረላትም የለም። ይሄም ራሱን የቻለ ቁጭት ነው።

በመጨረሻ ፓምፑን እንዲሁ ማውጣት ግድ ሆነ። ክሬን መጣ፣ ቧንቧው አንድ በአንድ እየተፈታ ወጣ፣ ፓምፑ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ተነበበ፣ ግዢው የተጀመረው ገና ከዚያ በኋላ ነው። ክሬኑ ተመልሶ ሄደ፣ ፓምፑ ሲገዛ እንደገና መጣ። ይህ ሁሉ ሲሆን መንደሩ ቦርከናን ይጠጣል። አንድ ሸህ ነበሩ፣ በየቀኑ እየመጡ አጠገባችን ይቀመጣሉ። «ልጆቼ፣ የጠፋው ወረቀቱ ነው እንጂ ጉድጓዱ እኮ እዚሁ ነው» አሉን። ቁጣ የለበትም። ቢቆጡን ይሻለኝ ነበር።

ፋይሉ በኋላ ተገኘ። እዚያው የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ። እኛ «ውሃ» እያልን በመንደሩ ስም ስንፈልግ፣ ሰውየው «የውኃ ጉድጓድ» ብሎ በቀበሌ ቁጥር ነው ያስቀመጠው። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሃ እና ኃ የተለያዩ ፊደሎች ናቸው፣ አንዱን ጽፈህ ሌላውን አያመጣልህም። ሠራተኛና ሰራተኛም እንደዚያው።

ስለዚህ ቦታ ስለማስለቀቅ ብዙ አልልም፣ ያንን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። የስም ነገር ነው የሚያሳስበኝ። የፋይል ስም ስትጽፉ ቀን ከፊት ይሁን፤ መጀመሪያ ዓመት፣ ቀጥሎ ወር፣ ከዚያ ቀን። ሌላው ቀርቶ ፋይሎቹ ራሳቸው በቅደም ተከተል ይሰለፉላችኋል። በማን አቆጣጠር? አንዱን ምረጡና የምትሠሩበት ሰው ሁሉ በዚያው ይጻፍ፣ «2016» ብቻ ተብሎ የተቀመጠ ፋይል የእኛ ይሁን የፈረንጅ ማን ያውቃል? ቦታውን በመንደሩም በቀበሌውም ስም ጻፉት። የፊደሉን ነገር ደግሞ አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ ተስማሙበት።

የዛሬ ልጆች አንድ ነገራችሁ ያናድደኛል። ፋይል ስትጠየቁ «ግሩፑ ላይ አለ» ትላላችሁ። ግሩፑ ላይ የልደት ምኞትም አለ፣ የአርሰናልና የማንቼ ክርክርም አለ፤ መሃሉ ላይ የተጣለ የዲዛይን ሥዕል በዓመቱ ማን ቆፍሮ ያወጣዋል? ፈጣኖች ናችሁ፣ እኛ ሳምንት የምንለፋበትን በአንድ ቀን ትጨርሳላችሁ። ለሚቀጥለው ሰው ማስቀመጥ ላይ ግን ትሰንፋላችሁ። የቴሌግራምን በራሱ ማውረድ ዝጉት፣ የምትፈልጉትን ብቻ አውርዱና ያኔውኑ ስም ሰጥታችሁ ቦታው አስገቡት። ነገ አደርገዋለሁ ካላችሁ አታደርጉትም።

ቅጂ አታብዙ፣ አንድ ፋይል አንድ ቦታ ይኑር እያልኩ ነው የኖርኩት። አሁንም እላለሁ። ግን በእኛ አቆጣጠር በ2014 የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የስንቱ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ተዘረፈ፤ ከዚያ የተረፈው፣ ሰው በየፍላሹና በየኢሜይሉ ይዞት የነበረው ቅጂ ነው፣ እኔ ራሴ ዝርክርክነት ነው ስለው የነበረው። ስለዚህ የሥራ ፋይላችሁ አንድ ይሁን፣ የተጠበቀ ቅጂ ደግሞ ሌላ ቦታ ይኑረው። የቢሮው መሳቢያ ሌላ ቦታ አይባልም። የደሴውን ኮምቦልቻ ማስቀመጥም አያስተማምንም፤ ሁለቱ ከተሞች በቀናት ልዩነት ነው የተያዙት። ኢንተርኔት ላይ ጫኑት፤ ኔትወርክ እምቢ ካለ በፍላሽ አድርጋችሁ ሩቅ አገር ላለ የምታምኑት ሰው ላኩት።