ልጆቼ፣ ጤነኛ ልብ ማየት ልመዱ

ደሴና ኮምቦልቻ ሲቲ ስካን ላይ ሥራ ለጀመራችሁ ልጆቼ፣

በሽታ ለማግኘት ትቸኩላላችሁ። አይፈረድባችሁም፤ ትምህርት ቤት ያስጠኗችሁ በሽታ ነው። እኔ ግን ስለ ጤነኛው ልብ ልጽፍላችሁ ነው። ጤነኛውን በደንብ የማያውቅ ባለሙያ ደህናውን ሰው በሽተኛ ያደርገዋል።

በቅርቡ አንድ ወጣት ሾፌር ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ የምርመራውን ሲዲ ይዞ መጣ። «የልብህ ግድግዳ ወፍሯል አሉኝ፣ ጋሼ» አለኝ። እንቅልፍ ካጣ ሰንብቷል። ሪፖርቱ 14 ሚሊሜትር ይላል። ምስሉን ከፍቼ ሳየው፣ የተለካው ልቡ በተኮማተረበት ቅጽበት ነው። ልቡ ወደ ተለጠጠበት ምስል መልሼ ስለካው 9 ሆነ። ልጁ ምንም የለበትም።

ውፍረት የሚለካው ልብ ደም ሞልቶ በተለጠጠበት ቅጽበት፣ በዲያስቶል መጨረሻ ነው። ያኔ የግራው የታችኛ ክፍል ግድግዳ ጤነኛ አዋቂ ላይ በአብዛኛው ከ6 እስከ 10 ሚሊሜትር ነው። የሴቶች ሳሳ ይላል። ጫፉ ላይ 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ብቻ ብታዩ አትደንግጡ፤ ተፈጥሮው ነው፣ ጠባሳ አይደለም።

ልብ ደረት ውስጥ የተቀመጠው በሰያፍ ነው። ማሽኑ አግድም በቆረጠው ምስል ላይ ከለካችሁ ስሱ ግድግዳ ወፍራም ይመስላል። መጀመሪያ ምስሉን በልቡ አቅጣጫ አዙሩት። ግራና ቀኙን የሚለየው ግድግዳ ላይ ደግሞ በቀኝ በኩል የተለጠፉ የጡንቻ ዘንጎች አሉ። አጉልታችሁ እዩ። በዘንጉና በግድግዳው መካከል ኮንትራስት (ደሙ ምስሉ ላይ ነጭ ሆኖ እንዲታይ በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት) የገባበት ቀጭን ነጭ መስመር አለ። የመለኪያውን ጠቋሚ (ከርሰሩን) እዚያ ላይ አቁሙት። ካለፋችሁት የሌለ 3 እና 4 ሚሊሜትር ትጨምራላችሁ።

እንቅስቃሴውን ስታዩ ደግሞ ዓይናችሁን አትመኑት። የሞተ ጡንቻ ጎረቤቱ ሲጎትተው ይንቀሳቀሳል። ገበያ ውስጥ ግፊያ የወሰደው ሰው በራሱ እግር የሚሄድ እንደሚመስለው ነው። የልብ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው ላይ ተቃራኒውን ታያላችሁ፤ መሃለኛው ግድግዳ ወደማይሆን አቅጣጫ ይሄዳል፣ ጡንቻው ግን ደህና ነው። ስለዚህ ጥያቄያችሁ «ተንቀሳቀሰ ወይ?» ብቻ አይሁን፤ «ወፈረ ወይ?» በሉ። ጤነኛ ግድግዳ ሲኮማተር ቢያንስ በሲሶ ይወፍራል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣው፣ የግራውን የታችኛ ክፍል ግድግዳ በ17 የሚከፍል ካርታ አለላችሁ። አንድ በአንድ ሂዱበት፣ አትዝለሉ።

ይህን ለማየት ሙሉው የልብ ዑደት መቀረጽ አለበት። አንድ ቅጽበት ብቻ ከተቀረጸ ስለ እንቅስቃሴ ምንም አትጻፉ። ሙሉው ሲቀረጽ ደግሞ ጨረሩ ይበዛል። ለእንቅስቃሴ ብቻ ከሆነ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ይበቃል፤ ጨረር የለው፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ለልብ ደም ሥር ተብሎ ሙሉው ከተቀረጸ ግን ግድግዳውን ሳታዩ ፋይሉን አትዝጉ።

ታካሚውንም አረጋጉት። የልቡ ምት በደቂቃ ከ65 በታች ሲሆን ምስሉ ይጠራል፣ የፈራ ሰው ልብ ግን ይሮጣል። «አብሽሩ እማማ፣ መድኃኒቱ ሲገባ ሰውነትዎን ሞቅ ይልዎታል፣ ያልፋል» በሏቸው። ትንፋሽ መያዙን ከማሽኑ በፊት አብራችሁ ተለማመዱት።

ሪፖርት ላይ ቁጥሩን ብቻ አታስቀምጡ፤ በየትኛው ቅጽበትና የት ቦታ እንደተለካ ጻፉ። ያለ ደም ግፊት፣ ያለ ሌላ ምክንያት 15 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ካገኛችሁ ለሐኪሙ ደውሉ፤ በዘር የሚወረስ የልብ ጡንቻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ቤተሰቡም መታየት አለበት። ኖርማል ከሆነ «ኖርማል ነው» ብላችሁ በድፍረት ጻፉ። «ለማንኛውም ተጨማሪ ምርመራ ይደረግ» የምትለዋን ከኋላ አትለጥፉበት። ከወረባቦ ፍየሉን ሸጦ የመጣ ሰው ያቺን መስመር ይዞ አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል።