ሳይነሳ የደረሰ አውሮፕላን?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። እናቴ ከቶኪዮ ወደ ሎስ አንጀለስ ልትበር ነው። ቲኬቷ ላይ መነሻው 17:00፣ መድረሻው 11:00 ይላል፣ ቀኑም ያው አንድ ቀን ነው። ሳይነሱ መድረስ አለ እንዴ? ስትመለስ ደግሞ ከሎስ አንጀለስ 11:00 ተነስታ ቶኪዮ የምትገባው በማግስቱ 14:45 ነው። ቲኬቱ ተሳስቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተሳሳተም፣ ወንድሜ። ቲኬት ላይ የሚጻፈው ሁሌም የየከተማው ሰዓት ነው፤ የመነሻው በመነሻው ከተማ፣ የመድረሻው በመድረሻው። እናትህ በምትጓዝበት ወቅት ቶኪዮ ከሎስ አንጀለስ 16 ሰዓት ትቀድማለች። አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን ወደኋላ ሲመልሱ፣ ማለትም ከጥቅምት መጨረሻ ገደማ እስከ መጋቢት መጀመሪያ አካባቢ፣ ልዩነቱ 17 ይሆናል።

ስለዚህ ሁለቱንም ወደ አንድ ከተማ ሰዓት ቀይርና ቁጠር። ሎስ አንጀለስ 11:00 ሲል ቶኪዮ ላይ ሌሊት ነው፣ የማግስቱ 03:00። ከ17:00 እስከ 03:00 ደግሞ 10 ሰዓት። የእናትህ ጉዞ ከመነሻው እስከ መድረሻው የሚፈጀው ይህን ያህል ነው። መመለሻውን በዚሁ መንገድ ብትቆጥረው 11 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይመጣል።

ታዲያ ርቀቱ ያው ሆኖ ይሄ አንድ ሰዓት ከ45 ደቂቃ ከየት መጣ? ከነፋሱ ነው። አውሮፕላኖች በሚበሩበት ከፍታ፣ ከምድር 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ጄት ስትሪም የሚባል ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምስራቅ ይነፍሳል፣ ብዙ ጊዜም በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ወደ አሜሪካ ስትሄድ ከኋላ ይገፋታል፣ ስትመለስ ፊት ለፊት ይገጥማታል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 አንድ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 747 ከኒውዮርክ ለንደን በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ የገባው በዚሁ ነፋስ ነው፤ መንገዱ በአብዛኛው ስድስት ሰዓት ተኩል አካባቢ ይፈጃል።

ርቀቱን ካነሳን አይቀር፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል 8,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን በአውሮፕላኑ ፍጥነት፣ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አካፍለህ ብቻ ጊዜውን አትገምት፤ መንደርደሪያ ላይ ተራ መጠበቁ፣ ወደ ላይ መውጣቱና መውረዱም አለ። ካርታ ላይ ደግሞ በማስመሪያ አትለካ! ሉል ካለህ ክር አምጣና ቶኪዮና ሎስ አንጀለስ ላይ ወጥረህ ያዘው። ክሩ በፓስፊክ መሀል ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ወደ ሰሜን፣ ወደ አላስካ ደሴቶች በኩል ይጎብጣል። አጭሩ መንገድ እሱ ነው። ሁለቱ ከተሞች ካሉበት ኬክሮስ ሳይወጡ ቀጥ ብለው ቢሄዱ ኖሮ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጨመር ነበር።

አንድ ነገር ግን አደራ። እናትህ በሰዓት የሚወሰድ መድኃኒት ካላት በግድግዳ ሰዓት እንዳትመራ። «ሰዓቱ 11:00 ነው፣ ገና ነኝ» ብላ ብትዘል፣ ሰውነቷ ግን ከቶኪዮ ከተነሳች 10 ሰዓት ሞልቶታል። የአወሳሰዱን ሰዓት ቀድማ ከሐኪሟ ጋር ትነጋገርበት፣ እጇ ላይ ያለውንም ሰዓት እስክትደርስ ድረስ ቶኪዮ ላይ እንዳለ ትተወው። የመመለሻ ቀን የሚቀበላት ሰው ካለ ደግሞ በማግስቱ እንደምትገባ ከወዲሁ ንገረው።